ወደ ኋላ ያልሞከርነው ፕሮፔለር

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የሳሙና ካርቶኖቹን በረንዳው ላይ ስደረድር ስልኬ ተከታትሎ ጮኸ። ልጄ ብሩክ ነው። ሞምባሳ፣ ጀልባ የሚጠገንበት ሰፈር ይሠራል። ሌላ ጊዜ ሰላምታው ያልቅ አይመስልም፤ የዚያን ቀን ግን ሁለት ፎቶ ብቻ ነው የላከው። መነጽሬን ፈልጌ ካየሁት በኋላ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት የጀልባ ፕሮፔለሮች ናቸው። አንደኛው ክንፎቹን እንደ ተገጣጠመ መዳፍ ወደ ኋላ አጥፏል። ሁለተኛው አላጠፈም፤ ክንፎቹን እንደ ቢላ ስለት አቅንቶ አቁሟል።

ቀጥሎ ድምፁ መጣ። «እማ፣ ወርክሾፕ ያደግሽ ሴት ነሽና እስቲ ምረጪልን። በሸራ የምትሄደው ጀልባ ፕሮፔለሯ ሊቀየር ነው። ባለቤቱ ተጣጣፊውን ነው የወደደው። ይቀላል፣ ቶሎም ይገጠማል። ከዚያ ውቅያኖሱን እናቋርጥባታለን።» ይስቃል። የማን ሳቅ እንደሆነ አውቃለሁ። አጎቱ ታምሩም እንዲሁ ከአፍንጫው ነበር የሚስቀው።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ሳሙና ሲለኝ ሻማ ሰጠሁት። «እናቴ፣ ዛሬ ምነው?» አለኝ። ምንም አልኩት።

እኔ አምስተኛ ክፍልን አልጨረስኩም። ባሕር የሚባለውንም በዓይኔ አላየሁም። ያንን ተጣጣፊ ብረት ግን ገና ክንፉ ሳይሞረድ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

አባቴ እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ወርክሾፕ ነበረው። ሥራው የቡና መፈልፈያ ማሽን ነው። ክረምቱን የተሰበረውን ያቀልጣል፣ ይበይዳል፤ መስከረም ሲያልቅ ቀዩ ቡና መለቀም ሲጀምር ከወንድሜ ከታምሩ ጋር በአጋሮና በጌራ መንገድ ከመፈልፈያ መፈልፈያ እየዞሩ እስከ ታኅሣሥ አይመለሱም። እናታችን ስለሞተች እኔ ያለሁት እነሱው ጋ፣ ብረት መሀል ነው። ማቅለጫውን አናፋለሁ፣ ለቅርጽ የሚሆነውን አሸዋ እነፋለሁ። አባቴ የእኔን አሸዋ ይወደው ነበር።

ጋሽ ሁሴን የመጡት የሰኮሩ ግድብ ውሃው ገና አዲስ በነበረበት ዘመን ነው። በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል መርከበኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ቦሳ አዲስ ሰፈር አግብተው ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ውሃው ዘመድን ከዘመድ፣ ገበያን ከገበያ ለይቷል ሲባል ሰምተው ሄደው አዩት። ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነዋል። ሰው የሚያሻግር፣ ውስጡ የሚተኙበት ጠባብ ክፍል ያለው፣ በሸራ የሚሄድ ጀልባ ይፈልጋሉ። አባቴ በላሜራ እንዲሠራላቸው ለመኑት።

ክረምቱን ሙሉ ያ ጀልባ ደጃችን ተደፍቶ ዝናብ እየወረደበት ሲጮህ ከረመ። ጎረቤት አላረፈም። «ኖኅ ጊንጆ ገባ እንዴ?» ይሉናል። አባቴ ራሱ አንድ ቀን፣ «በሸራ ከሄደ ሞተሩ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ነፋስ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም፤ በሰዓቱ አይገባም» አሉት ጋሽ ሁሴን።

«የመንግሥት ሠራተኛውስ መቼ ይገባል?» አለ ታምሩ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ።

ሞተሩ የአሮጌ የውሃ ፓምፕ ነው፤ ማርሹን ከአሮጌ መኪና ነቅለን ገጠምንለት። ችግሩ ፕሮፔለሩ ላይ መጣ። ጋሽ ሁሴን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሣሉ። «ሞተር አጥፍተህ በሸራ ስትሄድ፣ ዝም ብሎ የቆመ ፕሮፔለር ባልዲ አስሮ እንደ መጎተት ነው። ወይ ክንፉ ይታጠፍ፣ ወይ እንደ ቢላ ዞሮ ውሃውን ያሳልፍ።» አባቴ ወረቀቱን አዙሮ አዙሮ አየው። እንደ ቢላ የሚዞረው ሆዱ ውስጥ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። «ይሄን ጥርስ በሞረድ ነው የማወጣው። ቡና ከመድረሱ በፊት አያልቅም፤ ለየካቲት ይቆይ» አለ። ተጣጣፊው ግን ሁለት ክንፍና ሁለት ፒን ነው። በሁለት ሳምንት ያልቃል።

አባቴ ታምሩን አየው። ታምሩ ደግሞ ወደ እኔ ዞረ። «ሙሉ ትምረጥ። ጥር ላይ ጥላን የምትሄደው እሷ ናት።»

ለአንድ የበደሌ ነጋዴ ታጭቼ ነበር። ሰውየውን አልጠላሁትም፤ ግን ከጊንጆ ሌላ የማውቀው አገር ስላልነበረኝ መሄዱ ያስፈራኝ ነበር። ታምሩ፣ «ሳትዳሪ አንድ ቀን ውሃ ላይ አወጣሻለሁ፤ ማሎ፣ እባክሽ አታልቅሺ» ብሎኛል። የካቲት ማለት ለእኔ ጭራሽ አለመሄድ ማለት ነው።

«ተጣጣፊው» አልኩ። «ያምራልም።»

ከአሮጌ የነሐስ ቧንቧ አቅልጠን ሠራነው። አሸዋውን እኔ ነፋሁ። ሲያልቅ የት እንሞክረው ተባለና አባቴ ከአጋሮ ወዲህ ያለ የሚያውቀውን የቡና መፈልፈያ አሰበ፤ ክረምት ስለሆነ ሥራ የለውም። ቡናው የሚታጠብበት ረጅም የሲሚንቶ ቦይ አለ። ዘበኛው ውሃውን ከወንዙ ለቀቀልን። ሞተሩን ቦዩ አፍ ላይ አስረን ፕሮፔለሩን ውሃው ውስጥ አወረድነው። ሞተሩ ሳይነሳ፣ የሚፈሰው ውሃ ራሱ ክንፎቹን ቀስ አድርጎ አጠፋቸው። ሞተሩ ሲነሳ ተፈልቅቀው ተከፈቱ፤ ውሃው እየፈላ ወደ ግድግዳው ወጣ። ጋሽ ሁሴን «ማሻአላህ» አሉ። ዘበኛው እንኳ አጨበጨበ። ጎደሬ ተቀቅሎልን በሚጥሚጣ በላን። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ጎደሬ የለም፤ ከዚያ ወዲህም በአፌ አልዞረም።

የቡና ማጠቢያ ቦይ ግን ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ በአንድ በኩል ነው የሚወጣው። ስንት ዓመት ቡና ሲታጠብ ያየን ሰዎች ነን፤ ወደ ኋላ እንሞክረው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

መስከረም እንደጠባ ጀልባውን በጭነት መኪና ወደ ሰኮሩ ልንወስድ ተቀጠረ። በዋዜማው ጋሽ ሁሴን ወባ ጣላቸው። ከሰዓት በኋላ አጥሚት ይዤላቸው ቦሳ አዲስ ሄድኩ። ሁለት ብርድ ልብስ ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ። ጽዋውን ከእጃቸው ልቀበል ስል እጄን ያዙኝ።

«ሙሉዬ፣ ስሚኝ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ያ ተጣጣፊው ወደ ኋላ አያቆምም። ጀልባው ወደ ፊት እየሮጠ የኋላ ማርሽ ብታስገባ ውሃው ክንፉን እንዳጠፈው ይይዘዋል። ታምሩ ወደ ዳር ሲመጣ ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቶ ተንሳፍፎ ይድረስ። የኋላ ማርሽ አለኝ ብሎ እንዳይተማመን። ትነግሪዋለሽ?»

«እነግረዋለሁ፣ ጋሼ።»

እስከ ጊንጆ በእግሬ ነው የሄድኩት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ አደይ በየአጥሩ ሥር ፈክቷል። እየሄድኩ ነገሩን በልቤ አገላበጥኩት። አባቴ ጠንቃቃ ሰው ነው። ይህን ቢሰማ ጀልባውን ከመኪናው ያስወርዳል፤ ፕሮፔለሩን ይፈታዋል፤ «ለየካቲት ይቆይ» ይላል። ለአባቴ አልነግርም፣ ነገ ውሃው ዳር ስንደርስ ለታምሩ ብቻ እነግረዋለሁ አልኩ። ይሄን ያህል ነው ኃጢአቱ ሲጀመር፤ ከአንድ ቀን አይበልጥም።

በማግሥቱ በአሰንዳቦ አድርገን ሰኮሩ ገባን። ጨጨብሳ በሰሃን ቋጥሬ ይዣለሁ። ውሃው ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ውጦታል፤ የሰጠሙ ዛፎች ጫፍ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል፣ ወፍ ቆሞበታል። የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ያያል። አባቴ፣ «መጀመሪያ ታምሩ ብቻውን ዞሮ ይምጣ፤ ሴት ልጅ ቀጥሎ» አለ። ታምሩ ጀልባው ውስጥ ሲገባ እጁን ያዝኩት። አሁን ልነግረው ነው።

«ምንድነው?» አለኝ። ፊቱ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር። አባቴም አጠገባችን ቆሞ ይሰማል።

«ጨጨብሳው ሳይቀዘቅዝ ና» አልኩት።

«አንቺን ልወስድ አይደል እንዴ የምመለሰው?»

ሸራውን ዘረጋ፤ ነፋሱ ያዘው፤ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። እንዲህ ያለ ነገር በእጃችን መሥራታችንን እኔም ማመን አቃተኝ። ዞሮ ወደ እኛ ፊቱን ሲመልስ ነፋሱ ደከመ፤ ሸራውን በግማሽ አውርዶ ሞተሩን አስነሳ። በፍጥነት ነው የመጣው፤ ሰው እያየው ስለሆነ ይመስለኛል። ከእኛ ፊት ለፊት፣ ከውሃው ትንሽ ዝቅ ብሎ የአንድ ትልቅ ሾላ ግንድ ነበር፤ ዳር የቆምነው ጥላውን እናየዋለን፣ እሱ ግን ዘግይቶ አየው። ማርሹን ወደ ኋላ ሲመታ አየሁት። ሞተሩ ጮኸ። ጀልባው አልቆመም።

ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። «ሞተሩን አጥፋው! ወደ ኋላ አያቆምም!» የጋሽ ሁሴን መልእክት እንዲህ ሆኖ ነው የተነገረው፤ ሞተሩ እየጮኸ ማን ይሰማዋል።

ጀልባው ግንዱን መትቶ በጎኑ ተኛ። የሸራው እንጨት ወደቀ፤ ከጭነት መኪና መሸፈኛ የሰፋነው ሸራ ውሃ ጠጥቶ በላዩ ተከደነ። ጅማ ያደገ ልጅ ዋና ከየት ይምጣለት። የአገሩ ሰዎች ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ደርሰው ሸራውን ቀደው አወጡት፤ ሲያወጡት ግን አልፎ ነበር። አባቴ ባርኔጣውን እንደያዘ ቆሟል። ጨጨብሳው ሰሃኑ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሁሴን በምርኩዝ እየተደገፉ ልቅሶ መጡ። ድንኳኑ ጥግ ጠርተውኝ በዝግታ ጠየቁኝ። «ሙሉዬ፣ ነግረሽው ነበር?»

«ነግሬዋለሁ» አልኩ።

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ሄደው ከአባቴ አጠገብ ተቀመጡ። የሚያጽናኑት መስሏቸው፣ «ተነግሮት ነበር፤ ጉብዝና አዘናጋው» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታምሩ ስም በቤታችን ምክር አለመስማት ሆነ። እኔ ዘግይቼ ተዳርኩ፤ ባሌ ሲሞት ብሩክን አዝዬ ከበደሌ ተመለስኩ። ልጄ ዛፍ ላይ በወጣ ቁጥር አያቱ፣ «እንደ አጎትህ አትሁን፤ ተነግሮት አልሰማ ብሎ ነው የሞተው» ይለዋል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። ሁለቱም ሽማግሌዎች ይህን እንዳመኑ አረፉ። ዛሬም የቡና ወራት መጥቶ አንድ መፈልፈያ ሞተር ከሩቅ ሲነሳ እጄ ያለበት ይቀራል፤ ቀጥሎ ጀልባው ግንዱን ሲመታ የምሰማ ይመስለኛል።

ለብሩክ የዚያን ቀን በአጭሩ ነው የመለስኩት። «ወደ ኋላ ሲሄድ እንዴት ነው ብለህ ጠይቃቸው።»

ወዲያው መለሰ። «እማ፣ የዛሬዎቹ ተጣጣፊዎች ጥርስ አላቸው፤ ወደ ኋላም ይከፈታሉ። ግን ቆይ፣ ይሄን አንቺ ከየት አወቅሽው? ማን ነገረሽ?»

ማን ነገረሽ። በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሱቁን በቀን ዘጋሁ። ድምፄን እየቀዳሁ አጠፋሁ፣ እየቀዳሁ አጠፋሁ። ልጄ ውሃ ላይ ነው የሚኖረው፤ ይህን ሰምቶ ቢጠላኝ በምን እደርስበታለሁ ብዬ ፈራሁ። ሳልነግረው ቢሄድስ? አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። በመጨረሻ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩትና እንዲህ ብዬ ጨረስኩ። «አጎትህ ምክር የማይሰማ ሰው አልነበረም። ምክሩ አልደረሰውም። እኔ ጋ ነበር።»

መስማቱን ስልኩ አሳየኝ። መልስ ግን የለም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ተጨመረ። ደንበኛ ሲያናግረኝ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነው።

ትናንት ቪዲዮ ላከ። ቃል አልጨመረበትም። አንዲት ነጭ ጀልባ ወደብ ውስጥ ትታያለች፤ ልጄ መሪውን ይዞ ቆሟል። ትንሽ ወደ ፊት ትሮጣለች፣ ድንገት ትቆማለች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ትሄዳለች። እንደገና ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። አምስት ጊዜ ሲያደርገው ቆጥሬያለሁ። የትኛው ፕሮፔለር እንደተገጠመ አይታይም፤ ውሃ ሥር ነው።

ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ። እስካሁን የሞተሯን ድምፅ ዘግቼ ነው የማየው።