ቀበቶዬና የጥንት ቻይናዎች የጦር ብልሃት

ሐሙስ ከሰዓት... እኔና ባለቤቴ ፍሬሕይወት የልጃችን ባርነሃገ በር ላይ ቆመን ዝናብ ይወርድብናል። ሕፃናቱ የሚውሉበት ቤት ማለቴ ነው። ለቀጠሯችን ገና አርባ ደቂቃ ይቀራል።

ምን አስቸኮላችሁ አትሉም? ጦርነት እየሄድን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከሳምንት በፊት ነው። ልጃችንን ናሆምን ልወስደው ስሄድ የዝናብ ቱታውን አልለብስም ብሎ ኮሪደሩ ላይ ተዘረጋ። ሦስት ዓመቱ ነው። ለመንኩት... አባበልኩት... ወይ ፍንክች! ያን ጊዜ ሳላስበው እጄ ወደ ቀበቶዬ ሄደ። መታው እንዳትሉ፣ መትቼውም አላውቅ። ዘለበቱን ብቻ ነካ አድርጌ አስጮህኩት። ናሆም ተፈናጥሮ ተነሳና ቱታውን ለበሰ።

ቀና ስል ቤተል ቆማ ታየኛለች። ቤተል እዚያው የምትሠራ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ወላጆቿ የኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ የተወለደችው ግን እዚሁ ኦስሎ ነው። ፈረንጅ ብትሆን ሱሪው ወርዶበት ነው ብላ ታልፈኝ ነበር። የሐበሻ ልጅ ግን ያቺን ነገር በደንብ ታውቃታለች። ልጄን አንጠልጥዬ ሹልክ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከባርነሃገው ወረቀት መጣ። ሐሙስ ለውይይት ኑ ይላል። እናትም አባትም።

እዚህ ኖርዌይ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ከዚያ በኋላ የሆንነውን አይጠይቀኝም። ባርነቫርን የሚባለው የሕፃናት ጥበቃ ልጅ ይወስዳል እየተባባልን በየቤቱ ስንፈራራ ነው የከረምነው። ስለ ቀበቶው ስነግራት ፍሬሕይወት ክው አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን አስበላኸኝ!»

እህል አልቀምስም አለች። አዲስ አበባ እናቷ ጋ ደውላ «እማዬ፣ ናሆምን ሊወስዱብኝ...» ከማለቷ የስልክ ካርዱ አለቀ። የእናትየውን ሁኔታ እናንተው አስቡት።

እኔ ደግሞ ሁለት ፎቅ ወጥቼ አቦይ ተስፋይን አማከርኩ። ሮምሶስ የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ። የጥንት ቻይናዎች በጦር ሜዳ ጠላታቸውን እንዴት እንደሚሸውዱ ሲያነቡ ነው የሚውሉት። ከኮሙኑ፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር በቤት ጉዳይ የተከራከሩትን ሁሉ በዚያ ብልሃት እንዳሸነፉ ይምላሉ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ቀድመህ ድረስና ቦታ ያዝ። ጀርባህን ለግድግዳው ስጥ፣ ፊትህን ለበሩ» አሉኝ።

«ከዚያስ አቦይ?»

«ከዚያማ ዝም! እነዚያ ሰዎች ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ለጠላት አያሳዩም ነበር። ዝም ስትለው እሱ ይጨንቀውና የያዘውን ሁሉ ይዘረግፈዋል።»

ረቡዕን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ተፋጠን ዝምታ ስንለማመድ ዋልን። ናሆም የተጣላን መስሎት መሃላችን ገብቶ ተቀመጠ።

እና ሐሙስ ደረሰ። በሩ ሲከፈትልን ቀድሜ ገብቼ ግድግዳ ያለበትን ቦታ ያዝኩ። ችግሩ... ወንበሮቹ የሕፃናት ናቸው። ጉልበቴ አገጬ ላይ ደረሰ። በዚያ አኳኋን ነው እንግዲህ ጠላት የምጠብቀው።

መምህርቷ ኢንገር ፋይሏን ይዛ ፊት ለፊታችን ተቀመጠችና ፈገግ አለች። ዝም አልን። እሷም ዝም። አሁንም ዝም...

አቦይ ተስፋይ አንድ ነገር ረስተዋል። ኖርዌጂያን ዝምታ አይጨንቀውም! ከሮምሶስ እስከ ማዮርስቱን በባቡር አጠገብህ ተቀምጦ ትንፍሽ የማይል ሕዝብ እኮ ነው። ያላበኝ እኔ ነኝ።

«ናሆም ቤት ውስጥ እንዴት ነው? እንቅልፉስ?» አለች በመጨረሻ።

«ያ» አልኩ። አዎ ማለቴ ነው። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ኢንገር ትንሽ ግራ ገባት። «የምትጠይቁኝ ነገር አለ?»

ፍሬሕይወት ከዚህ በላይ አልቻለችም። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ «ልጄን ልትወስዱብኝ ነው?» ብላ አፈረጠችው።

ኢንገር ብድግ ብላ እጇን ያዘቻት። «ናይ፣ ናይ! በፍጹም! ማን አለ? ይሄ እኮ ለሁሉም ወላጅ ነው! በዓመት ሁለት ጊዜ እንጠራቸዋለን። ልጃችሁ እንዴት እንደሚውል ልነግራችሁ ነው እንጂ!»

ናሆም እዚያ ሲውል ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፤ እኛ ይህን ከየት እንወቀው? በደንብ ይበላል፣ መጫወቻ ያካፍላል፣ ጓደኛም ይዟል አለችን። ጎደለ የተባለው የሱፍ ጓንት ብቻ ነው። ኧረ አሥር ጓንት! እፎይ... ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ፍሬሕይወት እያለቀሰች ትስቃለች። እኔን ከዚያች ወንበር ጎትታ ያወጣችኝ ራሷ ኢንገር ናት።

ስንወጣ ቤተል ኮሪደሩ ላይ ለናሆም ጫማ ታደርግለታለች። ፍሬሕይወት ልጇን እቅፍ አድርጋ ወጣች። እኔ ቀረት አልኩ።

«ያን ቀን... አይተሽኛል አይደል?»

«ያ፣ አይቻለሁ» አለች። አንቱታ የሚባል ነገር እሷ ጋ አልደረሰም። «ትመታዋለህ?»

«በእግዚአብሔር! አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም!»

«አባቴም መትቶኝ አያውቅም። እንዳንተ ዘለበቱን ብቻ ነበር የሚያስጮኸው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አደረገችና፣ «ግን ታውቃለህ... ዛሬም ያንን ድምፅ ስሰማ ከሶፋው ላይ ብድግ እላለሁ። አባቴ እኮ ቀበቶውን የሚፈታው ሱሪ ሊቀይር ነው።»

ደስታዬ እንዳለ ነው፣ ግን ጃኬቴን ጎተት አድርጌ ዘለበቱን ሸፈንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ እንደተከፈተ ሄጄ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ገዛሁ... ሁለት።