የደበዘዘው ቀይ

ታላቅ ወንድሟ «ዶክተር አይጥ» ብሎ ነው የሚጠራት። ደስ ባይላትም መካድ አትችልም፤ ውሎዋ ከነጫጭ አይጦች ጋር ነው። ቁስል ሲቆጣ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። እሷ የምታጠናው አንጎል ሲቆጣ የሚሆነውን ነው። አንጎል ውስጥ ዘብ የቆሙ ጥቃቅን ህዋሳት አሉ። አደጋ ሲመጣ ተነስተው ያጸዳሉ፤ ከዚያ ማረፍ ሲገባቸው የአንዳንዶቹ ቁጣ አይበርድም፤ ጤነኛውን ነርቭ ራሱን መጉዳት ይጀምራሉ። ለምን አይበርዱም? ወጣትነቷን የበላው ጥያቄ ይህ ነው።

ላቦራቶሪዋ ምድር ቤት ነው፤ የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ የቢሮ ወንበር። እንግዳ ብዙም አይመጣባትም። የመጣ እንደሆነም ሥራዋን ማስረዳት ትጀምርና የምትነቃው ሰውዬው ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ ነው።

ወንድሟ ደግሞ የቀለም ሱቅ አለው። ደንበኛ የመጋረጃ ቁራጭ ይዞ «እንደዚህ ያለ» ካለው በዓይኑ ብቻ ለክቶ ይቀምምለታል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ለበሯ ያዘዘችውን ቀይ መለሰችለት። እኔ በር እንጂ የእሳት አደጋ መኪና አልቀባም አለችው። እሱ ደግሞ ፈዞ ስለታየው ነበር ቀይ የጨመረበት። ተከራከሩ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ለሴትዮዋ ፈረደ። ግራ ቢገባው ቆርቆሮውን ከፍቶ አንድ ዓይኑን በእጁ ከድኖ አየ፤ ከዚያ ሌላውን። በግራው ቀይ ነው። በቀኙ ፀሐይ የመታው ጡብ።

ለእህቱ ደውሎ እየሳቀ ነገራት። እሷ አልሳቀችም። ዓይኑን ሲያዞር ያመው እንደሆነ ጠየቀችው። ያመኛል፣ ጉንፋን መስሎኝ ነው አላት።

«ሱቁን ዝጋና ና» አለችው።

«ከአይጦቹ ጋር ልታሰልፊኝ ነው?»

«ጋሼ፣ ዛሬ አትቀልድ።»

እሷ ሰው ስለማታክም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የፈራችውን ነገራቸው፤ ከዓይኑ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ነርቭ ተቆጥቷል። በምስሉ ላይ አንጎሉ ውስጥም ጥቂት ነጠብጣቦች ታዩ፤ በሽታው ዞሮ ሊመለስ የሚችል ዓይነት ነው። ስንት ዓመት በማይክሮስኮፕ ስታየው የኖረችው ነገር በወንድሟ ራስ ውስጥ ሲገኝ ግን እውቀቷ ሁሉ ጥሏት ሄደ። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

ሆስፒታል ተኝቶ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው። መድኃኒቱ እንቅልፍ ነሳው፣ የምግብ ፍላጎቱን ግን ከፈተለት። የራሱን ሳህን ጨርሶ የእህቱን ማየት ጀመረ። ሥራ ሲፈታም ለክፍሉ በሽተኞች በሙሉ የግድግዳው ቀለም ምን ቢሆን ቶሎ እንደሚሻላቸው አስረዳቸው። ከሆስፒታል ሲወጣ ነርሶቹን ቅር አላቸው። እይታውም ቀስ እያለ ተመለሰ፤ በሽታው እንዳያገረሽ የሚወስደው መድኃኒትም ታዘዘለት።

ሲሻለው ላቦራቶሪዋ ድረስ መጣ። በማይክሮስኮፑ አረንጓዴ ቀለም ያነከረቻቸውን ህዋሳት አሳየችው። ብዙ ቆይቶ ቀና አለ።

«እነዚህ ናቸው ጉድ የሠሩኝ?»

«ዘመዶቻቸው ናቸው።»

«ማብረጃ አላገኘሽላቸውም?»

«አይጦቹ ላይ አንድ ነገር እያየሁ ነው። ሰው ላይ ገና አላውቅም።»

ይኼኔ እጅጌውን ሰበሰበና ደም ከፈለግሽ ውሰጂ አላት። የወንድሜን ፈቃድ እኔ ራሴ አልቀበልም ብላ ለባልደረባዋ አስተላለፈችው፤ ባልደረባዋ ስለ ጥናቱ እያስረዳው ሳለ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ጥናቷ ከአይጥ ወደ ሰው ደም የተሻገረው በዚያ ሰሞን ነው። ሌሎቹ ፈቃደኞች ቶሎ ተገኙ፤ ወንድሟ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠውን ሳያዋራ የማይውል ሰው ነውና።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ታማሚዎቹ ከነቤተሰቦቻቸው ሱቁ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ወንበር ስለማይበቃ ቆርቆሮ ደፍተው ይቀመጣሉ፤ አንድ ጡረተኛ መምህር ቢጫው ላይ ካልሆነ አልቀመጥም ይላሉ። እሷም መጥታ የሚጠይቋትን ትመልሳለች። ሰዓቱን የሚያይ የለም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልብስ ሰፊ ፈጽሞ የሚያድን ነገር መቼ ይገኛል ብላ ጠየቀቻት።

«እሱን አላውቅም እህቴ» አለቻት። «ግን ዘንድሮ ያወቅነውን አምና አናውቀውም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ትንሽ አሰበችና ቆርቆሮዋን ወደፊት አስጠጋች፤ እስቲ ዘንድሮ ያወቃችሁትን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን አለቻት።