ማን እንዳሸነፈ አይንገሩኝ

ሁላችንም «አኮይ» የምንላቸው የእናቴ ታላቅ ወንድም ባለፈው ወር አረፉ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ደግነታቸውን አወራ፤ እውነት ነው። እኔን ግን ሲያናድዱኝ ነው የኖሩት። ገዛ ባንዳ ሰፈር ያለው ቤታቸው ስለ ብስክሌት ሻምፒዮኖች በተጻፉ የጣሊያንኛ መጻሕፍት የተሞላ ነው። «ይህን ሳታነቢ እንዳታድሪ!» ብለው ያውሱኛል፤ ከበሩ ሳልወጣ ማን እንዳሸነፈ ይነግሩኛል።

ጦርነቱ አብቅቶ ነጻነት እንደመጣ ሮማ ያለ ዘመዳችን አዲስ መጽሐፍ ላከላቸው። የሚተርከው በጦርነቱ ምክንያት ወሬው ያልደረሰንን ውድድር ስለነበር አሸናፊውን አያውቁም። ዓይናቸው ደክሞ፣ ታመውም አልጋ ይዘው ነበርና ከሥራ ስመለስ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አነብላቸው ጀመር። ማንበብ ከተባለ! ተወዳዳሪዎቹ ዳገት በወጡ ቁጥር ያቋርጡኛል።

«አንጋፋው ብስክሌተኛ ነው የሚያሸንፈው፤ ታያለሽ!»

«አኮይ፣ በማርያም፣ ላንብብልዎት!»

ሕመማቸው ሲጠና ፈራሁና መጨረሻውን ገልጬ አየሁት።

«ልንገርዎት?» አልኳቸው።

«ኣይፋልን ጓለይ! እንዳትነግሪኝ፣ ልጄ፤ ነገ ታነቢልኛለሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እልኸኛ!

ሲነጋ አረፉ። ሐዘንተኛው ሲበተን ክፍላቸው ገባሁ። አልጋው ተነሥቷል፤ ቦታው ባዶ ነው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንጋፋው ሦስተኛ ወጣ።

ተሳስተው ነበር፣ አኮይ። አንድ ቀን ሲሳሳቱ ለማየት ስንት ዓመት ጠበቅሁ፤ አሁን ለማን ልንገረው?