ጋሽ ወርቁ የነገሩኝ የጎርፍ አገር

ልጅ ሳለሁ ጆበርግ፣ ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ቤት ጀርባ በተሠሩ ክፍሎች ነበር የምንኖረው። አንዱን እኔና እማዬ፣ ከግቢው ማዶ ያለውን ጠባቡን ደግሞ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ተከራይተውት ነበር። አባዬ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ አሌክሳንድራ ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው። በወረርሽኙ ምክንያት ከቤት መውጣት ተከልክሎ ሎክዳውን ሲታወጅ ሱቁን ጥሎ መምጣት ስለፈራ ከዕቃው ጋር እያደረ እዚያው ቀረ፤ ያኔ ለእኔ አባት ማለት ማታ ማታ በስልክ የሚመጣ የደከመ ድምፅ ነበር።

ጋሽ ወርቁ በወጣትነታቸው መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። በደርግ ጊዜ መርከባቸው ሮተርዳም ወደብ ስትቆም ወረዱ፤ አልተመለሱም። ኔል የምትባል የሆላንድ ሴት አግብተው፣ ሊዝ የምትባል ልጅ ወልደው እዚያው አረጁ። ኔል ስትሞት ጆበርግ የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው «ብቻህን ምን ትሠራለህ፣ ለጥቂት ወራት እኔ ጋ ና» ብሎ አስመጣቸው፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ አረፈ። ሊዝ እንዲመለሱላት ስትለምን ከርማ በመጨረሻ እሺ አሏት፤ ሻንጣቸውን ዘግተው የጉዞውን ቀን ሲጠባበቁ ድንበር ተዘጋ፣ አውሮፕላን ቆመ። ከዚያ በኋላ ሸሚዝ በፈለጉ ቁጥር ሻንጣውን ከፍተው ያወጡና መልሰው ይዘጉት ነበር እንጂ ልብሳቸውን ወደ ቁም ሳጥኑ አልመለሱትም።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት በዋልኩበት ሰሞን እማዬ በግቢው መሀል ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ አፍሪካንስ አልገባ ብሏታል። የእርስዎ ደች ከሱ ጋር ይቀራረባል ሲሉ እሰማለሁ።»

«ይቀራረባል» አሉ። «ድሮ የሆላንድ መርከቦች እዚህ አገር ደቡብ ጫፍ፣ ኬፕ ድረስ ይዘውት የመጡት ቋንቋ ነው፤ እዚህ ሲኖር ሌላ ሆነ። ትምጣ፣ እንሞክራለን።»

እንዲህ ተጀመረ። የጆበርግ ብርድ ደረቅና ክፉ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አጥንት ውስጥ ይገባል። መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ሎድ ሼዲንግ በሆነ ቁጥር ሰፈሩ ባንድ ጊዜ ይጨልማል። ጋሽ ወርቁ ቀዳዳ ቀዳዳ የተበሳውን ትልቅ ጣሳ፣ የሰፈሩ ሰው ኢምባውላ የሚለውን፣ ግቢው መሀል አስቀምጠው ከሰል ያቀጣጥሉበታል። ጭሱ አልፎ ፍሙ ሲቀላ እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል እንቀመጣለን፤ አንዲት ፋኖስ መሬት ላይ ትሆናለች። ጥቂት የአፍሪካንስ ቃላት ካስደገሙኝ በኋላ ደብተሩን ዝጊ ይሉኛል፤ ከዚያ ያቺን አገር ይነግሩኝ ጀመር።

ያኔ ስለ ሆላንድ የማውቀው ምንም አልነበረም። ምድሩ ከባሕር በታች ነው ሲሉኝ ሰዎቹ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ መስሎኝ ነበር። ገበሬው አፈር ቆልሎ ግድብ እንደሠራ፣ ውስጥ የቀረውን ውኃ በነፋስ ወፍጮ እያስቀዳ ወደ ውጭ እንደደፋ፣ ከሥር በወጣው ጭቃ ላይ ሣር ዘርቶ ላም እንዳሰማራበት በፍም መጫሪያው መሬት ላይ እየሣሉ አስረዱኝ። በጥንት ጊዜ እያንዳንዱ ገበሬ ከግድቡ የድርሻውን ቁራሽ የመጠገን ግዴታ ነበረበት አሉኝ። ያቃተው ሰው አካፋውን ግድቡ ላይ ይተክልና መሬቱን ትቶ ይሄዳል፤ አካፋውን የነቀለ ሰው መሬቱንም ሸክሙንም ይወርሳል።

«የተወው ሰውዬ ግን የት ሄደ?» አልኳቸው።

«እሱን ማንም አልነገረኝም» አሉ፤ ከሰሉን ጫሩት።

ሁሉም ግን እንዲህ የሚከብድ አልነበረም። ማታ መብራት አብርተው መጋረጃ ሳይጋርዱ እንደሚቀመጡ፣ መንገደኛው ሁሉ እራታቸውን እያየ እንደሚያልፍ ነገሩኝ። ለቡና የጠራሽ ሰው አንድ ብስኩት ይሰጥሽና ቆርቆሮውን ከድኖ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ጋሽ ወርቁ የመጀመሪያ ቀን ሁለተኛውን ሲጠብቁ መሸባቸው። ልደት ሲሆን ባለ ልደቱን ብቻ ሳይሆን እናቱን፣ አክስቱን፣ ጎረቤቱን ሳይቀር እንኳን ደስ ያላችሁ ይላሉ። የተጠየቁትን በግልጽ ይናገራሉ፤ ኔል የሠሩትን ወጥ ቀምሳ «አይጥምም» አለቻቸውና ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች። ይህን ሲያወሩ ትከሻቸው በሳቅ ይናጥ ነበር። ስለ ኬፕ መርከቦች ሲያነሱ ግን ድምፃቸው ይወርዳል። በእነዚያ መርከቦች በባርነት የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያ አገር ስለ ውኃው ሲጠየቅ ብዙ ያወራል፣ ስለዚህ ሲጠየቅ ግን ለረጅም ዘመን ዝም ብሏል አሉኝ።

ከዚያ እማዬ ማሳል ጀመረች። አንድ ጠዋት ስነቃ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ትንቀጠቀጥ ነበር። ለጋሽ ወርቁ ስነግራቸው መጥተው በሩ ላይ ቆሙና ጥቂት አዩዋት።

«ማሂ፣ ከዚህ በኋላ አትገቢም» አሉኝ። «እኔ ክፍል ትተኛለሽ፤ እኔ ግቢው ጥግ ያለችው ዕቃ ቤት ትበቃኛለች። እናትሽ ጋ የሚገባውን ሁሉ እኔ አስገባለሁ።»

እማዬ ከውስጥ «ተዉ ጋሼ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት» ስትል ሰማኋት።

«ታዲያ ማን ያስገባልሽ? ልጅሽ?» አሏት። እማዬ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሾርባ ሠርተው ይገቡ ነበር፤ ላቧን ጠርገው፣ ውኃ አጠጥተው ይወጣሉ። እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ በሩን አያለሁ። ከውስጥ ሳሏ ሲሰማ ስንተኛው እንደሆነ እቆጥራለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብሳል። አባዬ ከአሌክሳንድራ እየደወለ «እንዴት አደረች?» ይለኛል፤ ደህና ናት ከማለት ሌላ ቃል አላውቅም ነበር። የጎርፉን ታሪክ የሰማሁት በዚያ ሰሞን፣ ትኩሳቷ በባሰበት ምሽት ነው። እንዳይተላለፍብኝ ብለው ከፍሙ ማዶ ራቅ አድርገው አስቀምጠውኝ፣ ዓይኔን ከበሩ ላይ መንቀል እንዳቃተኝ አይተው «ወደኔ ተመልከቺ» አሉና ጀመሩ።

ኔል ዜላንድ በሚባለው፣ ባሕሩ በከበበው ክፍለ አገር ተወልዳ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ክረምት ላይ፣ ሰው ሁሉ እንደተኛ ማዕበል ግድቡን ሰበረው። አባቷ ልጆቹን ቀስቅሶ ጣሪያው ሥር ወዳለው ቆጥ አወጣቸው። ጨለማው ውስጥ የሚሰማው የነፋሱና የውኃው ድምፅ፣ ከሥራቸው ደግሞ በረት ውስጥ የታሰሩት ላሞች ጩኸት ነበር። ኔል ፒት የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት። ፒት ላሞቹን ሊፈታ በመሰላሉ ወረደ። መጀመሪያ ውኃውን ሲቀዝፍ ሰሙት፤ ላሞቹን በስማቸው ሲጠራ ሰሙት። ከዚያ የላሞቹ ጩኸት አንድ በአንድ ቀነሰ። ሲነጋ የጎረቤት ሰዎች ከጣሪያ ጣሪያ ስም እየጠሩ በሕይወት ያለውን ይለዩ ጀመር። የኔል አባት የራሱን ስም፣ የሚስቱን፣ የኔልን ጠርቶ ዝም አለ። ጀልባ ሲደርስላቸው ሦስቱ ብቻ ተሳፈሩ።

«ፒት ተገኘ?» አልኳቸው።

«ውኃው ሲጎድል ተገኘ። ኔል ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልትሞት ሰሞን።»

ለምን ያን ለልጅ እንደነገሩኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሌላ የሚያጽናና ነገር ቢፈልጉ አጥተው ይሆናል፤ ምናልባትም ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር የሚያወሩት። ያን ምሽት ግን ከፍሙ ማዶ ባይነሡ ብዬ ተመኘሁ።

እማዬ ተረፈች። ከስታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ወደ ግቢው በወጣችበት ሳምንት ጋሽ ወርቁ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ታመው ተኙ። አምቡላንስ ሲመጣ እማዬ ቆማ መሄድ ስላልቻለች እኔ ነበርኩ በሩን የከፈትኩት። ከራስ እስከ እግር በመከላከያ ልብስ የተሸፈኑት ሰዎች ሲያወጧቸው ወደኔ ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ፤ በደች ይሁን በአማርኛ መለየት አልቻልኩም። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም ነበር። መርዶው የመጣው በስልክ ነው።

የቀበሯቸው ጥቂት የሐበሻ ነጋዴዎችና አንድ ቄስ ናቸው። ሊዝ መምጣት ስላልቻለች አንዱ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞላት በምስል አየች። በነጋታው ወደ እማዬ ደወለች። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፈን አየናት፤ ዓይኗ የጋሽ ወርቁ ዓይን ነበር። በእንግሊዝኛ ነው ያወራነው።

«አባቴ ከቤት አይወጣም ነበር» አለች። «በምን ያዘው?»

እማዬ እጄን ያዘች። «ታምሜ ምግብ ያመላልሱልኝ ነበር» አለቻት። «ከእኔ ነው የያዛቸው።»

ሊዝ ፊቷን ከስልኩ አዞረች። ከኋላዋ መስኮት ይታይ ነበር፤ ዝናብ ይዘንባል። በመጨረሻ ወደኔ አየችና «ከአንቺ ጋር ምን ያወራ ነበር?» አለችኝ።

የጎርፉን ታሪክ ነገርኳት፤ የምታውቀው መስሎኝ ነበር። ፒት በመሰላሉ ሲወርድ ስደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አጎት እንደነበረኝ አላውቅም» አለች። «እናቴ ምድር ቤት ኖራ አታውቅም። ስንት ቤት ስንቀያይር ሁሌም ፎቅ ነበር የምትመርጠው። ብርሃን ስለምትወድ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ ድጋሚ እንድነግራት ለመነችኝ፤ ነገርኳት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እማዬ ከአልጋው አልተነሣችም። ከሰል የማያያዝ ሰዓት አልፎ ክፍሉ ሲጨልም መብራት እንኳ አላበራንም።

«ማሂ» አለችኝ፣ ከግቢው ማዶ ያለውን የጋሽ ወርቁን በር እያየች። «ልጁን ላሞቹን ፍታ ብሎ የላከው አባቱ ነው ወይስ ራሱ ነው የወረደው?»

«አላውቅም» አልኳት። «ጋሽ ወርቁ አልነገሩኝም።»

«ሳትጠይቂያቸው?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

አሁን አድጌያለሁ፤ ያቺን አገር በአካል የረገጡ ሰዎችም አጋጥመውኛል። ስለ አበባውና ስለ ብስክሌቱ ያወሩኛል፤ እሰማቸዋለሁ። ከሊዝ ጋር አልፎ አልፎ እንደዋወላለን፤ እማዬ ስለ ፒት የጠየቀችኝን ግን እሷም መመለስ አትችልም። ከሚያውቁት ሰዎች አንድም አልቀረም። እማዬም ከዚያ ቀን ወዲህ ደግማ አልጠየቀችኝም። ግን ከሌላ ሰው ጋር ቁጭ ብዬ የጋሽ ወርቁን ስም ባነሳሁ ቁጥር የያዘችውን ሥራ አቁማ ስታዳምጥ አያታለሁ፤ ዛሬ ምናልባት አስታውሼ የረሳሁትን እጨምር እንደሆነ የምትጠብቅ ይመስለኛል። የምጨምረው የለኝም።