ቁርስ በልቻለሁ ያልኩበት ጠዋት

ወደ ማሠልጠኛ ከመላካችን በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ አሰባስበውን ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ጊዜው ነሐሴ ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አጠገብህ ያለው ሰው የሚናገረው አይሰማም። ከይጁቤ፣ ከአማኑኤልና ከጉንደ ወይን የመጣን ምልምሎች ሁለት ሁለት እየሆንን በአንድ ብርድ ልብስ እንተኛለን። ማናችንም ገና ወታደር አልነበርንም፤ የሐኪም ምርመራ ይቀረናል። ምርመራውን ያላለፈ «ተመላሽ» ይባላል። የመጣበትን ልብስ ለብሶ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ ሁላችን እያየነው በበሩ ይወጣል።

እኔ ተመላሽ መሆን አልችልም ነበር። የአባቴ መሬት ለታላላቅ ወንድሞቼ ተከፍሎ አልቋል። ትምህርት ቤት የቆየሁት ለአጭር ጊዜ ነው፤ የቀረውን ያወቅሁት እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ በማንበብ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማስረጃ የሚሰጥ የለም። የወጣሁት አባቴ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ቄሱ መርቀውኝ ነው። እንደዚያ ተሸኝቶ በሳምንቱ የሚመለስ ልጅ ከማን ቤት እንደሚገባ አላውቅም ነበር።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። እኛ ቤት ፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ውሃም አይቀመስ። ከዚያ በላይ ግን ጾመኛ መጾሙን አይናገርም። አባቴ ሰው ቤት ገብቶ ምግብ ቢቀርብለት፣ አሁን በልቼ መጣሁ ይላል እንጂ ጾሙን አያነሳም። እሱ ዘንድ የተነገረ ጾም እንዳልተጾመ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሻይና ዳቦ ሲታደል እኔም ተሰልፌ እቀበልና ለብርድ ልብስ ተጋሪዬ እሰጠዋለሁ። ተጋሪዬ እዚያው ከተማ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲለጥፍ የኖረ፣ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ነው። ለምን እንደምሰጠው ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ዳቦው አፉን እንደሞላው፣ እስከቻልኩ ድረስ ለእሱም ጨምሬ እንድጾምለት ለመነኝ። ምሳዬን አስቀምጬ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበላለሁ። ከምርመራው በፊት በነበረው ቀን ግን ወጡ ሥጋ ስለነበረ ከደረቅ እንጀራ በቀር አልቀመስኩም።

በማግሥቱ በቁምጣ ብቻ ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። ዝናቡ አባርቷል፤ ጭቃው ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሐኪሙ በነጭ ጋዋኑ ላይ ካፖርት የደረበ ቀጭን ሰው ነበር። ጥርስ ያያል፣ ደረት ያዳምጣል፣ ከዚያ ግቢውን ሦስት ዙር አስሩጦ እንደገና ያዳምጣል። ከማስሮጡ በፊት ሁሉንም ሰው ቁርስ በልቶ እንደሆነ ይጠይቃል።

«በልቻለሁ» አልኩት። ለማሰብም አልቆምኩም።

ሁለተኛውን ዙር ስጀምር የመጋዘኑ ግድግዳ ወደ እኔ ያዘነበለ መሰለኝ። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው ሽታ ነው። አንድ ሰው አፍንጫዬ ሥር ክብሪት እየጫረ ነበር። በእኛ አገር ወድቆ ክብሪት የሚያሸቱት ሰው ሕመሙ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ዓይኔን ስገልጥ ሌሎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ደግፎኝ የነበረው ልጅ እጁን በሣር እየጠረገ ነው።

ሐኪሙ ከዚህ በፊት ጥሎኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አያውቅም አልኩ። ግንባሬን ነካ፤ ትኩሳት የለኝም። መብላቴን ደግሞ ከራሴ አፍ ሰምቷል። ሰልፉን ወደሚጠብቀው አስር አለቃ ዞሮ በዝግታ ሲናገር የሰማሁት «የሚጥል በሽታ» የሚለውን ብቻ ነው። አስር አለቃው ተመላሾቹ ወደተቀመጡበት ወደ በሩ በዱላው አመለከተኝ።

ልብሴን ለብሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጎሚስታው ምርመራውን አልፎ መጣና ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ሂድና ንገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ዳቦዬን የበላው ጎሚስታው ነው በላቸው። ካላመኑ ሆዴን ይመርምሩት።»

እኔ ካልነገርኩ ራሱ እንደሚናገር ገልጾልኝ ተነሣ። የሁለት ሰው ራሽን መብላት እንደሚያስቀጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ቀድሜው ሄድኩ።

«አስር አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ቁርስ አልበላሁም። ጾመኛ ነኝ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ጋለ። አስር አለቃው ሳቀ። ባለፈው ምልመላም አንድ አንካሳ ቀኝ እግሬ ጾመኛ ነው ብሎት እንደነበር ለሐኪሙ ነገረው፤ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ሐኪሙ ግን ሳይስቅ ከሁለቱ የትኛው ውሸት እንደሆነ ጠየቀኝ። የጠዋቱ አልኩት። እንግዲያው እዚሁ ፊቱ እንድበላ፣ ጥቂት እንዳርፍና እንደገና እንድሮጥ፣ ካልወደቅሁ እንደሚፈርምልኝ ነገረኝ።

ዳቦና ሻይ መጣ። ገና አምስት ሰዓት አልሆነም። እስከ ዘጠኝ እንዲጠብቁኝ ለመንኩ፤ ሐኪሙ በሰባት ሰዓት ወደ ሌላ ከተማ እንደሚነሣ መለሰልኝ። ዳቦውን ይዤ ቆምኩ። አስር አለቃው ሳቁን ትቶ ቀረብ አለኝ።

«እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ጾሙ ጠፍቶኝ አይደለም። እዚህ ወደቅህ፣ ክብሪት ጫሩልህ። ጦር ሜዳ ስትወድቅ ግን የሚመታው ሊያነሣህ የመጣው ነው። ያን ጊዜ ለእናቱ ምን ልትላት ነው?»

በላሁ። ዳቦውን በሻይ እየነከርኩ ጨረስኩት። ሸሚዜን አውልቄ ስሮጥ የወደቅሁበት ቦታ የጎኔን ቅርጽ እንደያዘ ነበር፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አሁን እወድቃለሁ ብዬ እጠብቃለሁ። አልወደቅሁም። ሐኪሙ ደረቴን ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም አድርጎ አዳመጠና ፈረመ።

ጉዳዩ አለቀ ብዬ ሸሚዜን ሳነሣ አስር አለቃው ገና ወዳልተመረመሩት ዞሮ ጾመኛ የሆነ እጁን እንዲያወጣ አዘዘ። ማንም አላወጣም። እንደማያወጡ አውቅ ነበር፤ ከእኔ የተነሣ አሁን እሱም ያውቃል። ከወጥ ቤት የሻይ ባልዲ አስመጣና ፊቱ ያልጠጣ እንደማይሮጥ፣ ያልሮጠ ደግሞ ተመላሽ እንደሆነ ተናገረ።

ኩባያው በሰልፉ ላይ ከሰው ወደ ሰው አለፈ። አንዳንዱ እየተሳሳቀ ጠጣ። መሐል ላይ አንድ ረጅም የጉንደ ወይን ልጅ ነበር፤ ዲያቆን ነው። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቀና ብሎ ግቢውን በዓይኑ ፈተሸና እኔን ሲያገኝ ቆመ። ዓይኑን ሳይነቅል ጠጣው።

እሱም አለፈ። ማታ ተመላሾቹ ስለሄዱ ብርድ ልብስ እንደገና ሲደለደል ከጎሚስታው ለይተው ከዲያቆኑ ጋር መደቡኝ።