የገብስ ቀን ቆጣሪዋ እቴነሽ

እቴነሽ ባዩ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ የምርምር ማሳ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ገብስ ጠብቃለች። ጥበቃዋ ከወፍና ከከብት አይደለም። በየማለዳው በመደቦቹ መካከል እየሄደች የትኛው ገብስ በየትኛው ቀን ዛላ እንዳወጣ ትጽፋለች። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያነበበችው ገብሱን ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ዶክተር ታምራት የሚባል ወጣት ተመራማሪ አርባ መደብ ገብስ አዘራ። ከብዙ ምሳሌ ራሱ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙ የገብሱን ዘረመል እንደ ዳዊት ደጋግሞ አነበበና በአንድ ጂን አጠገብ አንዲት አጭር ቦታ ላይ ምልክት አደረገ። ቦታዋ ጂኑ መቼ ሥራ እንዲጀምር የምታዝ ናት፤ እንደ መብራት ማብሪያ በሏት። ይህቺ ቦታ የተለወጠችባቸው ሃያ መደቦች ከሌሎቹ ሃያ ቀድመው ዛላ ያወጣሉ ተብሎ ተተነበየ። ለጉና ተራራ ግርጌ ገበሬ ሳምንት መቅደም ማለት ከውርጭ ማምለጥ ነው።

ጥቅምት ላይ ታምራት የእቴነሽን መዝገብ አስገብቶ ሲያሰላ ልዩነቱ ሁለት ቀን ብቻ ሆነበት። ሁለት ቀንማ የነፋስ ሥራም ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋን መጠርጠር ቀለለውና ሠራተኞቹ ምሳ ወደሚበሉበት ዛፍ ሥር መጣ።

«እትዬ እቴነሽ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤትዎ ውለው በግምት ነው እንዴ የጻፉት?»

ሠራተኞቹ ሁሉ ሰሙት። ኮንትራቷ የሚታደሰው ኅዳር ነው፤ ከዚያ በላይ ግን የተነካው ቃሏ ነበር።

«እኔ? ጳጉሜን አምስቱንም ቀን፣ የሩፋኤል ዝናብ ሳይቀር እየወረደብኝ፣ ማሳው ውስጥ ነበርኩ! ና፣ አብረን እንቁጠር።»

ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «ሰኔ ሃያ ተዘራ። የቀደሙት አብዛኞቹ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ አወጡ፤ ስልሳ ዘጠኝ ቀን።»

«ልክ። የዘገዩትስ?»

«መስከረም አንድ። ሰባ አንድ ቀን።»

እቴነሽ በጣቶቿ አንጓ ቆጠረች። «ሰባ ስድስት ነው። ጳጉሜንን የት ጣልካት?»

ታምራት ሰንጠረዡን አየ። ሰኔን አሥር፣ ሐምሌን አሥራ አንድ፣ ነሐሴን አሥራ ሁለት ብሎ ሲቀጥል መስከረምን በጳጉሜን ቦታ አሥራ ሦስተኛ አድርጓት ኖሯል። ሁለቱ ቀን ሰባት ሆነ።

«የገብሱን ሆድ ዕቃ አንብቦ የአገሩን ወር ሳተ!» አለ አራሚው ጌጡ፤ ሠራተኞቹም ሳቁ።

ይህን የማወጋችሁ እኔ ነገሩን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ማሽኑ በዚያ ሁሉ ፊደል መካከል አንዲቷን ቦታ ለይቶ ነበር። ይሁንና ትክክል መሆኑን ቀን ቆጥሮ የሚያረጋግጥ ሰው ባይኖር፣ ዘሩ እስከ ወዲያኛው ከጎተራ ባልወጣ ነበር።

ታምራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ፣ ቢሮ ገብተን እንነጋገር» አላት።

«ስትወቅሰኝ ቢሮ ነበርን?»

ተነሣ። «መዝገቡ ልክ ነው» አለ ለሁሉም፤ «የሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለች እቴነሽ። ለመጪው ዓመት የቀኑንም ድምር ራሷ እንደምትጽፍ ነገረችው እንጂ ፈቃዱን አልጠየቀችውም።