ለድዴ የተፈለገው ሥጋ

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን የመጣ አንድ ፈረንጅ የጥርስ ሐኪም፣ የተበላሸ የፊት ጥርሴን ነቅሎ ወዲያውኑ በቦታው ሌላ ሊተክልልኝ ቀጠረኝ። የሚያስተረጉምለት ነርስ፣ «ድድህ ስለሳሳ ሥጋ ይለጠፍበታል። የራስህ ሥጋ መሆን አለበት፤ የባዕድ አይሆንም» አለኝ።

እንግዲህ እኛ ዘንድ ሥጋ ማለት ዘመድ ነው። እኔ ደግሞ የቀረኝ ሥጋ የአባቴ ወንድም ጋሽ ደምሴ ብቻ ነው። የአንኮበር ገበሬ ማኅበር ለስብሰባ በላከው ቁጥር እኔ ቤት ያርፋል፤ አልጋዬን ይይዝና «ምን ይደረግ፣ ሥጋዬ ነህ» እያለ እኔን መሬት ያስተኛኛል። ስለዚህ በቀጠሮዬ ቀን ምንም ሳልነግረው ይዤው ሄድኩ።

«ይኸው ሥጋዬ» አልኩት ነርሱን። «ከፈለጋችሁበት ቁረጡ፤ እንደምታየው ወፍራም ነው።»

ጋሽ ደምሴ ሐኪሙ የያዘውን ምላጭ አየና ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ልጄ፣ ሟች ወንድሜ ምስጢር አደራ ብሎኝ ነበር» አለኝ። «አሳደገህ እንጂ አልወለደህም። እኔና አንተን አንድ ጠብታ ደም አያገናኘንም።»

ዕድሜዬን ሙሉ በአባቴ ስም ስጠራ የኖርኩት እኔ፣ ሐኪሙ ሳያዘኝ አፌ ተከፈተ። ነርሱ የተባለውን ሲነግረው ሐኪሙ እየሳቀ ጣቱን ከትቶ ላንቃዬን ነካ።

«የሚቆረጠው እኮ ከዚህ ነው፣ ከራስህ ላንቃ» አለኝ ነርሱ።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

«እንዲያ ከሆነማ ሥጋዬ ነህ» አለኝ።